«ይሰማል፣ ግን አይመልስም»፦ በውጭ አገር የሚያድግ ልጅ አማርኛ እንዲናገር የማድረጊያ ዝርዝር መመሪያ

አያት ከአዲስ አበባ ይደውላሉ። «እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ምሳህን በላህ?» ብለው ይጠይቃሉ። የአራት ዓመቱ ልጅ ጥያቄው በደንብ ገብቶታል። ፈገግ ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይመልስና ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል። እናትየዋም «ይሰማል እኮ፣ ግን አይመልስም» ትላለች። ይህን ዓረፍተ ነገር በሜሪላንድም፣ በስቶክሆልምም፣ በፍራንክፈርትም ከሚኖሩ ወላጆች ሰምቼዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ሁሉም ማለት ይቻላል ከልጃቸው ጋር አማርኛ የሚያወሩ መሆናቸው ነው።

ችግሩ እንግዲህ ወላጅ አማርኛ አለመናገሩ አይደለም። ልጁ በአማርኛ የማይመልሰው መመለስ ስላላስፈለገው ነው። ውኃ በእንግሊዝኛ ቢጠይቅ ውኃው ይመጣለታል። በቤልጅየም ፍላንደርስ አኒክ ደ ሀውወር የተባለች ተመራማሪ 1,899 ቤተሰቦችን ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ወላጆች ከአካባቢው ቋንቋ ከደች ሌላ ቋንቋ በሚናገሩባቸው ቤቶች ሩብ ያህሉ ውስጥ ልጆቹ ያንን ቋንቋ አይናገሩም ነበር። ሁለቱም ወላጆች ያንን ቋንቋ በሚናገሩበት፣ ደች የሚጨምረውም ቢበዛ አንዳቸው ብቻ በሆነበት ቤት ግን ከ10 ቤቶች ከ9 በሚበልጡት ልጆቹ ይናገራሉ።

ይህ መመሪያ ከፅንስ እስከ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ ላላቸው ነው። እኔ «እንግሊዝኛ» ያልኩበት ቦታ ሁሉ እናንተ ስዊድንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ዕብራይስጥ ወይም ዐረብኛ አስገቡበት። ልጃችሁ ደረጃ 1 እና 2ን አልፎ ከሆነ ዝግጅቱን ጨርሳችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አራት ዝግጅቶች

1. ሰዓቱን ቁጠሩ

አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉና ለአንድ ሳምንት ሙሉ ልጁ ነቅቶ ያለበትን ሰዓት መዝግቡ። ከእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብ ለእሱ በቀጥታ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረው ጻፉ። ቴሌቪዥን አይቆጠርም። አዋቂዎች እርስ በርስ የሚያወሩትም እዚህ አይገባም።

ብዙ ወላጅ በዚህ ስሌት ይደነግጣል። በአገራችን አቆጣጠር ልጁ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥቶ፣ 2 ሰዓት የሕፃናት መዋያ ገብቶ፣ 11 ሰዓት ወጥቶ፣ ማታ 2 ሰዓት ቢተኛ ከእናንተ ጋር የሚሆነው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ራት ማብሰያው፣ መንገዱና ካርቱኑ ሲቀነሱ ሁለት ሰዓት ቢተርፍ ነው። ይህን ቁጥር ሳታውቁ «ቤት ውስጥ እኮ አማርኛ ነው የምናወራው» ብላችሁ አትረፉ። ቁጥሩ ካነሰ መጀመሪያ የምትነኩት መኪናውን ይሁን። ልጁ ታስሮ ተቀምጧል፣ እናንተም አጠገቡ ናችሁ፤ ሬዲዮውን ዝጉና አውሩ።

2. ማን በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ወስኑ

ሁለታችሁም አማርኛ ተናጋሪዎች ከሆናችሁ የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ብቻ ይሁን። «እኔ አማርኛ፣ አንተ እንግሊዝኛ» የሚለው ክፍፍል ለእናንተ አይጠቅምም። እንግሊዝኛን ትምህርት ቤቱ ያለ እናንተ እርዳታ ያስተምራል፤ እናንተ የምታተርፉት ነገር ቢኖር ያላችሁን ጥቂት ሰዓት ለሁለት መክፈል ነው።

አማርኛ የሚችለው አንዱ ወላጅ ብቻ ከሆነ እሱ ወይም እሷ ከልጁ ጋር ሁልጊዜ፣ በሰው ፊትም፣ በገበያም፣ በሐኪም ቤትም አማርኛ ያውሩ።

አንዱ አማርኛ ሌላው ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የየራሳቸውን ይናገሩ። «ሦስት ቋንቋ ይበዛበታል» ብሎ የአንዱን ወላጅ ቋንቋ መሠዋት በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ አያስፈልግም። ሕፃን ሦስት ቋንቋ መያዝ አያቅተውም። የሚጎድለው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ ቋንቋዎች አንዱ የሚያገኘው ሰዓት አነስተኛ ከሆነ አክስት፣ አያት ወይም ጎረቤት ፈልጉለት።

3. የቤቱን ሰው ሁሉ አስማሙ

አማርኛ የማይሰማ የትዳር ጓደኛ ከገበታው የተገለለ ሊመስለው ይችላል። ቅሬታው ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩ። ከልጁ ጋር የተባለውን ጠቃሚ ነገር ወዲያው ለእሱ እንደምትተረጉሙለት ቃል ግቡ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካለ ለብቻ አስጠጉትና ኃላፊነት ስጡት። እንግሊዝኛ ወደ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በበኩር ልጅ በኩል ነው። «ታናሽህን አማርኛ የምታስተምረው አንተ ነህ» ከማለት ይልቅ ተጨባጭ ሥራ ስጡት፤ ለምሳሌ ማታ ማታ ለታናሹ አንድ ተረት ይንገር።

ዘመድና እንግዳን አስጠንቅቁ፤ በልጁ አነጋገር አይሳቅ። ልጄ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ሳለ በአንድ የልደት ግብዣ ላይ «ኳሴ ጠፋ» ለማለት «ኳሴ ተፋ» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሰዎቹ በፍቅር ነበር የሳቁት፤ ልጄ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት በእንግዳ ፊት አንድም የአማርኛ ቃል አልወጣውም። እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ለመናገር አትፈሩ፦ «ሲሳሳት አትሳቁብኝ፣ ትክክለኛውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ድገሙለት።»

4. ጥቂት ዕቃ አዘጋጁ

ብዙ አትግዙ። አምስት ስድስት የአማርኛ የሥዕል መጻሕፍት እና የዘመዶች ፎቶግራፍ ታትሞ የተለጠፈበት አንድ ደብተር ይበቃሉ። በየፎቶው ሥር የዘመዱን ስም ብቻ ሳይሆን ልጁ የሚጠራበትን ጻፉ፦ እማማ፣ አባባ፣ ጋሼ፣ እትዬ።

ደረጃ 1፦ ከፅንስ እስከ 12 ወር

ፅንስ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ ሲወለድም ያንን ድምፅና የቋንቋዋን ዜማ ለይቶ ያውቃል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የዓለምን ቋንቋዎች ድምፆች አብዛኞቹን መለየት ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጆሮው መምረጥ ይጀምራል፤ ወደ 12 ወር ሲጠጋ የሚሰማቸውን ድምፆች አጥብቆ ይይዛል፣ የማይሰማቸውን መለየት ይከብደዋል። ለአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ በእንግሊዝኛ የሉም። በ«መጣ» እና በ«መታ»፣ በ«ቀዳ» እና በ«ከዳ» መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮው በዚህ ዕድሜ ካልለመደው በኋላ በልምምድ መመለስ አለባችሁ።

በዚህ ደረጃ የምታደርጉት ይህ ነው።

1. ልጁን በምትነኩበት ሥራ ሁሉ አውሩ። ዳይፐር ስትቀይሩ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ተናገሩ፦ «እግርህን ላንሣ… ቀዝቃዛ ነው አይደል… አሁን ደረቀልን… ጨረስን።» ነገ ደግሞ ያንኑ። መደጋገሙ እናንተን ቢያሰለችም እሱን አያሰለቸውም።
2. ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እግሩን ቢወራጭ ወይም «አገ» ቢል መልስ እንደሰጣችሁ ቁጠሩትና ቀጥሉ።
3. «ባ ባ ባ» ማለት ሲጀምር እናንተም ያንኑ መልሳችሁ ወደ ቃል አምጡት፦ «ባ ባ… አባባ! አባባ መጣ።»
4. ስታስተኙት እሹሩሩ በሉት፤ ፊታችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ «ኩኩሉ» አጫውቱት። ትንሽ ሲያድግ «አልነጋም» ብሎ እንዲመልስ ይህ መሠረቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዲዮ በዚህ ሥራ አይተካችሁም። በሲያትል ፓትሪሻ ኩል እና ባልደረቦችዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ የሚናገር ሰው 12 ጊዜ አብሯቸው ሲጫወት የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ያንኑ በቴሌቪዥን ያዩት ሕፃናት ግን ምንም አልያዙም። የዓለም ጤና ድርጅትም የአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። የአማርኛ መዝሙር ስለሆነ ብላችሁ ልጁን ከስልክ ጋር አትተዉት።

ደረጃ 2፦ ከ12 እስከ 24 ወር

አፉን የሚፈታበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የምታስተምሩት የቀለምና የእንስሳት ስም አይሁን። ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚፈልጋቸው ቃላት ይቅደሙ፦ ውኃ፣ ስጪኝ፣ ክፈች፣ ጨምሪልኝ፣ እቀፊኝ፣ እንቢ፣ አለቀ፣ የኔ።

እነዚህን ቃላት በእናት ፆታ የጻፍኩት አውቄ ነው። እናት ወንድ ልጇን «ና»፣ «እንካ» ትለዋለች፤ እሱም የሰማውን ይዞ እናቱን «ና» ይላታል። ይህ የሚስተካከለው በእርማት አይደለም፤ ልጁ ሌላ ሰው እናቱን «ነይ»፣ «እንቺ» ሲላት በመስማት ነው። ሁለት አዋቂ ባለበት ቤት ልጁ ፊት እርስ በርሳችሁ ነገር ተቀባበሉ። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ደግሞ አሻንጉሊት ትጠቀም፤ ድቡ ወደ እናት ዞሮ «ውኃ ስጪኝ» ይበል።

1. አዎ ወይም አይ የሚያስመልስ ጥያቄ ቀንሱ። «ሙዝ ትፈልጋለህ?» ብትሉት ራሱን ነቅንቆ ይገላገላል። «ሙዝ ወይስ ብርቱካን?» በሉት፤ ሁለቱን ግራና ቀኝ ይዛችሁ።
2. የተናገረውን አንድ ቃል በአንድ ሁለት ቃል አስረዝሙ። «ውኃ» ካለ፦ «ውኃ ጠማህ? ቀዝቃዛ ውኃ ልስጥህ።»
3. ሲሳሳት «አይደለም» አትበሉ። «ኩሻ» ካለ «አዎ፣ ውሻ! ትልቅ ውሻ» ብላችሁ እለፉ።
4. ቀኑን ሙሉ «ይህ ምንድን ነው?» እያላችሁ አትፈትኑት።

ቃላቱን ስትቆጥሩ የሁለቱን ቋንቋ ደምሩ። በአማርኛ 20፣ በእንግሊዝኛ 30 ካለው 50 ቃል አለው፤ በሁለት ዓመት የሚጠበቀውም ወደዚያ ገደማ ነው። የጎረቤት ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ 50 አለው ብላችሁ አትሸበሩ።

ደረጃ 3፦ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ (ከ2 ዓመት ጀምሮ)

አብዛኛው ወላጅ የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ራሳችሁን መርምሩ። ማታ ራት ላይ ስልካችሁን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋችሁ ለ15 ደቂቃ ተዉትና ልጁ ሲተኛ አዳምጡ። ምን እንደምትሰሙ ልንገራችሁ። ታሪኩን በአማርኛ ትነግሩታላችሁ፣ ትእዛዙንና ቁጣውን ግን በእንግሊዝኛ። «ስቶፕ»፣ «ካም ሂር»፣ «ሲት ዳውን»። ልጁ ከዚህ የሚማረው ቁም ነገር ሲመጣ ቋንቋው እንደሚቀየር ነው። አምስት ትእዛዞችን መርጣችሁ በአንድ ሳምንት ወደ አማርኛ መልሱ፦ ተው፣ ና፣ ተቀመጥ፣ ቆይ፣ አትንካ። እነዚህ ሳይመለሱ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ከዚያ በኋላ ልጁ በእንግሊዝኛ በተናገረ ቁጥር ይህን መሰላል ተከተሉ። ምሳሌው የሦስት ዓመት ልጅ እናቷን በእንግሊዝኛ «ጫማዬን አውልቂልኝ» ያለች ጊዜ ነው።

1. ፊቷን እያያችሁ በለሰለሰ ድምፅ «ምን አልሽኝ የኔ እናት?» በሉ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ብዙ ልጆች በዚህ ብቻ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ።
2. ካልተመለሰች ሐሳቧን በአማርኛ ጥያቄ አድርጋችሁ ስጧት፦ «ጫማሽን ላውልቅልሽ?» አሁን «አዎ» ማለት ይበቃታል።
3. ደስ ብሏት ከሆነ አንዲት ቃል ጠይቋት፦ «‹አውልቂልኝ› በይኝ።» አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁ።
4. እንቢ ካለች እናንተው «ጫማዬን አውልቂልኝ፤ እሺ፣ ይኸው አወለቅሁልሽ» ብላችሁ ሥራውን ሥሩላትና ቀጥሉ። ኩርፊያ የለም፣ ቁጣ የለም።

መሰላሉን በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከአምስት ስድስት ጊዜ በላይ አትጠቀሙ። ሌላውን ጊዜ እናንተ በአማርኛ መልሱና እለፉ፤ እናንተ ግን ወደ እንግሊዝኛ አትሻገሩ።

የማትጠቀሙበት ጊዜም አለ። ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲታመም፣ ሲፈራ፣ ወይም በትምህርት ቤት የደረሰበትን በደል ሊነግራችሁ አፉ ሲንቀጠቀጥ መሰላሉን ተዉት። ያን ጊዜ የሚፈልገው እናንተን ነው። በየትኛውም ቋንቋ ይናገር፣ እናንተ በአማርኛ አባብሉት። ምግብና ውኃም «በአማርኛ ካልጠየቅህ» ተብሎ አይከለከልም።

ቢበላሽ፦ ልጁ መሰላሉን ዐውቆ «አማርኛ አልወድም» ቢል ለሦስት ቀን ከመሰላሉ ተራ ቁጥር 1ን እና 2ን ብቻ ተጠቀሙ፤ ምንም አታስደግሙት። በእነዚያ ቀናት የሚወደውን ጨዋታ በአማርኛ አብራችሁት ተጫወቱ።

ልጁ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሁለቱም ቋንቋ ቢያቀላቅል አትደንግጡ። ያጣውን ቃል ካለው መሙላቱ ነው። የጎደለውን ቃል በአማርኛ አቀብሉትና እሱ ይቀጥል።

ደረጃ 4፦ መዋእለ ሕፃናት ሲጀምር

በዚህ ጊዜ እንግሊዝኛ እንደ ጎርፍ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እንደ ክረምት ተዘጋጁባቸው።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእንግሊዝኛ የሚያወራው አማርኛን ስለናቀ አይደለም። ቀኑን በእንግሊዝኛ ስለኖረው፣ የደረሰበትን የሚነግርበት የአማርኛ ቃል ስለሌለው ነው። ቃሉን አስቀድማችሁ ስጡት። ትምህርት ቤት ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት በአሻንጉሊት ክፍል ሠርታችሁ ተጫወቱ፤ መምህር፣ ሰልፍ፣ ተራ፣ ጓደኛ፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ገፋኝ፣ ቀማኝ፣ ይቅርታ፣ አኮረፈኝ የሚሉት ቃላት በጨዋታው ይግቡ።

ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። አቅፋችሁ በአማርኛ ሰላም በሉት። የሚበላ ስጡት። ለአሥር ደቂቃ ምንም አትጠይቁ። ከዚያ እናንተ ስለ ራሳችሁ ቀን አንድ ትንሽ ነገር ንገሩት፣ ቀጥላችሁም ጠባብ ጥያቄ ጠይቁ። «ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» የሚለው «ጥሩ» ብቻ ነው የሚያስመልሰው። «ምሳ ላይ ከማን አጠገብ ተቀመጥክ?» በሉት።

አማርኛ የሚናገር ሌላ ልጅ ፈልጉለት፤ ቢቻል ከእሱ የሚተልቅና ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበረሰብ የቅዳሜ ትምህርት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻውን ልጅ አያናግርም። ልጆቹን በአንድ ክፍል ሰብስባችሁ እናንተ ቡና ላይ ብትቀመጡ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይገባሉ። አንድ አዋቂ አብሯቸው ይቀመጥና ንግግር የሚፈልግ ጨዋታ ያጫውታቸው። ድብብቆሽ ጥሩ ነው። ሰኞ ማክሰኞ የቀናትን ስም በእግራቸው ያስተምራቸዋል። ከአምስት ዓመት በላይ ለሆኑት እንቆቅልሽ የሚያህል የለም፤ ያልመለሰ አገር መስጠት አለበትና ልጁ የጎንደርን፣ የሐረርንና የጅማን ስም ሳያውቀው ይለምዳል።

አንቱታን በዚህ ዕድሜ አስጀምሩት። ሕጉን አትዘርዝሩለት። አያቱን «አንቺ» ካለ «እማማ፣ ይምጡ በላቸው» ብላችሁ አቀብሉት። አያትንም አስቀድማችሁ «ለጊዜው አይቀየሙት» በሏቸው።

መምህሩ «ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ አውሩለት» ቢላችሁ በትሕትና እንዲህ በሉ፦ «እንግሊዝኛውን እዚህ ይማራል፤ እኛ በቤት የምናወራው ሙሉ አማርኛ ለማሰብም ለማንበብም ይረዳዋል። የሚያሳስባችሁን ነገር ግን በዝርዝር ንገሩን።» ዝርዝሩን ከሰማችሁ በኋላ ከታች ያለውን የባለሙያ ምልክት ክፍል ተመልከቱ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም።

ደረጃ 5፦ ፊደል

ከመናገሩ በፊት ፊደል አታስቆጥሩት። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ»፣ «ገና»፣ «ዋና» እያንዳንዳቸው ሁለት ንባብ አላቸው፤ ልጁ ትክክለኛውን የሚመርጠው ቃሉን በጆሮው ካወቀው ብቻ ነው።

አምስት ዓመት ሲሞላው በስሙ ፊደላት ጀምሩ። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቅርጻቸው፣ ማለትም 231ዱን፣ በአንድ ገበታ ፊቱ አትዘርጉ። በሳምንት ሁለት ፊደል በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከአራትና አምስት ፊደል በኋላ ካዕብ በጎን፣ ሣልስ በታች እንደሚቀጠል ራሱ እንዲያገኘው ጠብቁት። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ወደ መጨረሻ አቆዩ።

ዘግይታችሁ ከሆነ፦ ከ5 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ

ድንገት «ከነገ ጀምሮ እንግሊዝኛ የለም» አትበሉት። ለዓመታት በእንግሊዝኛ ያናገራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ልጁ እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ለምን እንደምትጀምሩ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ የራሳችሁን ድርሻም እመኑ። ለውጡንም በራሳችሁ ንግግር ጀምሩ፤ ከእሱ ምንም አትጠይቁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቦታ ምረጡ፣ ራት ገበታው ወይም መኪናው የአማርኛ ይሁን። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት በዚያ ቦታ ብቻ የደረጃ 3ን መሰላል አስገቡ፤ አንዲት ቃል እንኳ ብትመጣ ተቀበሉ። ቦታው ሳያስጨንቀው ሲቀር ሁለተኛ ቦታ ጨምሩ። አንድ ሳምንት ቢያመልጣችሁ ከተዋችሁበት ቀጥሉ፣ እንደገና ከአንድ አትጀምሩ።

አገር ቤት የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ ከሁሉ በላይ የሚያናግረው ይህ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አሥር ልመናዎች አስጠኑት፦ ልጫወት፣ ተራዬ ነው፣ ኳሱን ስጡኝ፣ ጠገብሁ፣ ሽንት ቤት የት ነው? እና የመሳሰሉት። የአክስትና የአጎት ልጆች ግን እንግሊዝኛቸውን ሊለማመዱበት ይሽቀዳደማሉ። ገና አውሮፕላን ሳትሳፈሩ ደውላችሁ ለወላጆቻቸው ይህን ንገሩ። ልጁን ከእናንተ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ግቢ ውስጥ ከልጆች ጋር ልቀቁት፤ አስተርጓሚም አትሁኑለት።

ባለሙያ የምታዩባቸው ምልክቶች

እነዚህን «ሁለት ቋንቋ ስለሆነበት ነው» ብላችሁ አትለፉ።

1. በ12 ወር ድምፅ እያወጣ የማይጫወት፣ በጣቱ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር።
2. በ16 ወር በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቃል የሌለው።
3. በሁለት ዓመት ሁለት ቃል የማያገናኝ፤ «ውኃ ስጪኝ» እንደሚለው።
4. በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ንግግር የሚያጣ። ይህ ቀጠሮ የሚያዘገይ ጉዳይ አይደለም።
5. መንተባተቡ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ወይም ለመናገር ሲል ፊቱ የሚጨነቅ።

መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ጠይቁ። ቀጥሎ የንግግር ሕክምና ባለሙያው በሁለቱም ቋንቋ እንዲመዝነው ጠይቁ፤ አማርኛ ካልቻለ አስተርጓሚ ይምጣ። የቃላቱን ዝርዝር ከነትርጉሙ ጽፋችሁ ውሰዱ። «አማርኛውን አቁሙ» የሚል ምክር ከመጣ ሁለተኛ ባለሙያ ፈልጉ። የንግግር ችግር ያለበት ልጅም ሁለት ቋንቋ መማር ይችላል፤ እናቱ የምታውቀውን ቋንቋ ስታቆም ደግሞ ከማንም በላይ የምታናግረው ሰው ዝም ትልበታለች።

የአያት ስልክ፦ በየሳምንቱ እንዴት እንደሚደረግ

ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባሉ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ልጆች ከተቀዳ ቪዲዮ ያልያዙትን አዲስ ቃል፣ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ከሚመልስላቸው ሰው እንደያዙ አሳይቷል። ስለዚህ ስልኩ ይሠራል፤ ሥራውን የሚያበላሸው ሳይዘጋጁ መደወል ነው።

1. ቀንና ሰዓት ቁረጡ። ልጁ በልቶ፣ አርፎ፣ አያትም ሥራ የማይዙበት ሰዓት ይሁን።
2. ከመደወላችሁ በፊት ለአያት ሦስት ጥያቄ ስጧቸው፦ «ኳስህን አሳየኝ»፣ «ቀለሙ ምንድን ነው?»፣ «ማን ገዛልህ?» «እንዴት ነህ?» ብቻ እየተደጋገመ ልጅ ያባርራል።
3. ከልጁ ጋር መልሶቹን አንድ ጊዜ ተለማመዱ። የሚያሳየውን ዕቃ በእጁ አስይዙት።
4. ስልኩን ደግፋችሁ አቁሙና ከምስሉ ውጡ። አጠገቡ ካላችሁ መልሱን ከእናንተ ፊት ይፈልጋል።
5. ቢጨነቅ በጆሮው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ አቀብሉ፦ «አጎቴ…» ቀሪውን እሱ ይበለው። አያት ዝም ብለው እንዲጠብቁት ቀድማችሁ ተስማሙ።
6. በእንግሊዝኛ ቢመልስ አያት «ምን አልከኝ ልጄ? አልሰማሁህም» ይበሉ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ሲጠይቀው ልጁ እውነተኛ ምክንያት ያገኛል፤ ይህን እናንተ ልትሰጡት አትችሉም።
7. ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ገና ማውራት እየፈለገ ሳለ ተሰናበቱና የሚቀጥለው ሳምንት የሚያሳያቸውን ዕቃ ወዲያው እንዲመርጥ አድርጉ።